በገብርኤል ቀን በእግራችን ያለበስነው ማሳ

መጀመሪያ ያወቀው አፍንጫዬ ነው። ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጬ የልጄን ፀጉር ስፈትሽ ከማሳው በኩል ትኩስ ነፋስ መጣና ፊቴን መታኝ። አብሮት ሽታ መጣ። ዓይኔን ቆጠቆጠኝ፤ ጉሮሮዬን ያዝ አደረገኝ። ሽታውን አውቀዋለሁ። አገራችን ሳለን ማለዳ የበቅሎ ጋጣ ስንከፍት፣ ታፍኖ ያደረ ሽንት ፊት ለፊት የሚቀበለን ሽታ ነው። እዚህ ግን በቅሎ የለም፤ ጋጣ የለም። ያለው ጠዋት በእጃችን የበተንነው ነጭ ማዳበሪያ ብቻ ነው።

ልጄ ዝናሽ አፍንጫዋን ያዘችና «እማ፣ ማነው የሸናው?» አለችኝ።

እንድስቅላት ፈልጋ ነው። አልሳቅሁም። ብድግ ብዬ ማሳውን አየሁት። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፤ ጥቁሩ ዋልካ መሬት ከሥሩ እርጥብ ነው፤ ከላዩ ላይ የበተንነው ነጭ ፍሬ ግማሹ ሟምቶ ጠፍቷል። ወደ ሥር የገባ አልመሰለኝም። በነፋስ እየሄደ ነው። «እህላችን እየተነነ ነው» አልሁ በልቤ።

ያኔ ማን እንደነበርሁ ልንገራችሁ። ጠጄ እባላለሁ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከቋራ ቆላ ተነስተን፣ መተማን አልፈን፣ በእግራችን ድንበር ተሻግረን ሱዳን፣ ገላባት የገባን ሰዎች ነን። ባለቤቴን መንገድ ላይ ቀብሬዋለሁ። ወንዱን ልጄን ደግሞ የስደተኞች መጠለያው ውስጥ ኩፍኝ ወሰደብኝ። የቀረችኝ ዝናሽ ብቻ ናት፤ እሷም ጥርሷ ገና መነቃቀል የጀመረ ሕፃን ነበረች። ትምህርት የለኝም። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ጥቂት ተቀምጬ ፊደል ለይቻለሁ፤ እሱ ነው ይህችን የሚያጽፈኝ፤ አጻጻፌን ታገሡኝ።

እኔን ከጥቂት የአገሬ ሰዎች ጋር ከመጠለያው ያወጣን ሐጅ ኢድሪስ የሚባል የሱዳን ሰው ነው። ሀዋታ ከምትባል የሱዳን ከተማ አጠገብ፣ በመስኖ የሚለማ ሀዋሻ የሚሉት ድርሻ መሬት ነበረው። መሬቱና ውሃው የእሱ፣ ጉልበቱ የእኛ፤ ማሽላው ሲደርስ እንካፈላለን። ሽማግሌ ነው፤ በጉብዝናው መተማ እየተመላለሰ ይነግድ ስለነበር አማርኛ ይሰብራል እንጂ ያወራል። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ሆነ። ሐጅ ኢድሪስ አንዱን ቅጠል ቀንጥሶ በጣቶቹ እያሸ እንዲህ አለን፦

«ወላሂ፣ ይሄ ዱራ ካልቆመ ሀዋሻውን ለወንድሜ ልጅ እሰጣለሁ። እሱ ትራክተር አለው። እናንተን ምን ላድርጋችሁ? ሎሪ ላይ ጭኜ ወደ መጠለያው እመልሳችኋለሁ። መዓሌሽ።»

ዱራ የሚለው ማሽላውን ነው፤ መዓሌሽ ማለት ይቅርታ ነው። በይቅርታ የሚመልሰን የት ነው? ልጄን የቀበርሁበት ቦታ። ያን ቀን ዝናሽን ወደ ራሴ ስቤ ያዝኋት፤ «እማ አሳመምሽኝ» እስክትለኝ ድረስ አልለቀቅኋትም።

ከዚያ በኋላ ሐጁ ከሀዋታ አንድ ጆንያ ማዳበሪያ ይዞ መጣ። ሱዳኖቹ ሲማድ ይሉታል፤ አሁን እኛም ዩሪያ የምንለው ነው። በዚያ የረሃብ ዓመት ይቺን አንድ ጆንያ ለማግኘት ማንን ለምኖ እንደሆነ እሱ ያውቃል። ሁለተኛ እንደማይገኝ ግን ቁርጡን ነገረን። ከአንዱ አገዳ እግር ሥር ቆንጠር አድርጎ ጣለ፤ በመኮትኮቻ አፈር ሳበበት።

«ፀሐይ እንዳታየው» አለን። «ፀሐይ ካየችው ትበላዋለች። ነገ ጠዋት የእኛ የውሃ ተራ ነው። ውሃውም ከላይ ካገኘው ጠርጎ ለጎረቤት ይሰጠዋል። በትናችሁ ዛሬውኑ አፈር አልብሱት። ኸላስ፣ በቃ።» አለና በአህያው ወደ ሀዋታ ገበያ ሄደ።

ገና ጆንያውን ስንፈታ ነው ነገር የመጣው። ከእኛ መሃል ትልቁ ሰው አያ ወርቁ ነበሩ። አገራቸው ላይ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ፤ በስደት ደግሞ በዓል የሚቆጥሩልን እሳቸው ናቸው። ዱላቸውን ተደግፈው መጡና መንገዱ ላይ ቆሙ።

«ዛሬ የሐምሌ ገብርኤል ነው» አሉ። «ሐጁ ቢያባርረንስ ብዬ እሱ ሳለ አልተናገርሁም እንጂ ብረት መሬት አይነካም።»

እንጉዳይ የምትባል ጓደኛዬ ነበረች፤ አፏ አያርፍም።

«አያ ወርቁ፣ ይሄ እኮ የእስላም አገር ነው። ገብርኤል እዚህ ድረስ ያየናል?» አለች።

«ገላባት ላይ ኬላ የሚያስቆመው መሰለሽ? ክንፍ እኮ አለው!»

ሳቅን። ግን ሳቃችን ቶሎ አለቀ። የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል፤ በገብርኤል ቀን መሬት የጫረ ሰው መብረቁ በቤቱ፣ ሕመሙ በልጁ ይመጣል ይባላል። እኔ ደግሞ ከሁሉ የባሰብኝ ነኝ። ዝናሽን የወለድኋት ለገብርኤል ተስዬ ነው።

«እንግዲያው እንዲህ እናድርግ» አሉ አያ ወርቁ። «መበተን ሥራ አይደለም። ለዶሮም እህል እንበትናለን። ዛሬ እንበትነው፤ ነገ ጎሕ ሲቀድ፣ ውሃው ሳይመጣ፣ ተሯሩጠን እናለብሰዋለን።»

ለሁላችንም ጥሩ መሰለን። ሐጁንም አላስቀየምን፣ ገብርኤልንም አላስቀየምን። እየተንሾካሾክን፣ ቀስ ብለን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደሚሄድ ሰው ማሳውን ዞርንና ጆንያውን ባዶ አደረግነው። ከዚያ በየጥላችን ገባን።

እንግዲህ ሽታው የመጣብኝ ያን ጊዜ ነው።

ወደ ሰዎቹ ሄድሁ። የማሽላ ንፍሮ ቀቅለው በዓሉን እያከበሩ ነበር።

«አያ ወርቁ፣ ማዳበሪያው እየሄደብን ነው» አልኋቸው።

«የት ይሄዳል? እግር የለው።»

«አይሸትዎትም?»

«ይሸተኛል። ሽታ ማንን ገደለ?»

«አያ፣ ፍግ ደጅ ተሰጥቶ፣ ሽታው አልቆ፣ ጭድ ጭድ ካለ በኋላ ማሳ ላይ ቢጥሉት ምን ያደርጋል? አባቴ ከጋጣ ያወጣውን ዕለቱን ነበር አፈር የሚያለብሰው። ኃይሉ እኮ ሽታው ነው። እስከ ነገ ምንም አይቀረንም።»

አያ ወርቁ ንፍሯቸውን አላመጡ። እሳቸውም ፈርተዋል፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ እኔ ሂጂ ብዬ ልላክሽ? ነገ ይቺ ልጅ አንድ ነገር ብትሆን ምን እልሻለሁ?» አሉኝ።

እሱን ሲሉኝ ተመለስሁና ማሳው ዳር ቆምሁ። ዝናሽ ተከትላኝ መጥታ ቦዩ አፋፍ ላይ ተቀመጠች።

አንዲት እናት በሁለት ፍርሃት መሃል ስትቆም እንዴት እንደምትሆን ለማያውቅ መንገር ይቸግራል። በወዲህ ሎሪው አለ፤ መጠለያው አለ፤ የልጄ መቃብር አለ። በወዲያ መልአኩ አለ። መኮትኮቻውን አነሳሁት። መልሼ አስቀመጥሁት። «ገብርኤል ሆይ» አልሁ፣ «አንተ እኮ በዛሬው ቀን ለእናትና ለልጇ ብለህ የፈላ ውሃ ያበረድህ ነህ። የቂርቆስ እናት ከእኔ በምን ትበልጣለች? እኔም ልጅ ይዤ ነው የቆምሁት።» እንደ ድፍረት አትዩብኝ፤ የጨነቀው ሰው ነገር ነው።

መሬቱ እግሬን አቃጠለኝ። እግሬን እያፈራረቅሁ ሳነሳና ሳሳርፍ፣ አፈሩ ተንሸራቶ የአገዳውን ሥር ሸፈነው። ማሳውን በቅርቡ አርመነው ስለነበር ላዩ ፍርክስክስ ያለ ነው። ነጩ ፍሬ ጠፋ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ለሌላው አገዳ በቀኝ እግሬ፣ ቀጥሎ ላለው በግራ እግሬ አፈር ገፋሁለት። ብረት አልነካሁም። ተራመድሁ እንጂ ምን አደረግሁ? አገራችን ጤፍ ተዘርቶ በከብት ይረገጥ የለ?

አንድ መስመር ጨረስሁ። ሁለተኛውን አጋመስሁ። የዚያን ጊዜ ከቦዩ አፋፍ «እማ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር ስል የዝናሽ አፍ፣ አገጯ፣ የቀሚሷ ደረት ደም በደም ሆኗል።

እንዴት እንደደረስሁ አላውቅም። ጩኸቴን ሰምተው ሁሉም ከጥላው ወጡ። አንገቷን ያዝኋት፤ ከቦዩ ውሃ እየዘገንሁ ግንባሯ ላይ አፈሰስሁባት። ከአፍንጫዋ ነው የሚፈሰው። አያ ወርቁ አጠገቤ ቆመው ያማትባሉ። «አላልሁሽም?» አላሉኝም፤ ግን ፊታቸው ላይ ያነበብሁት እሱ ነበር። «ወሰደብኝ» አልሁ። «ይቺንም ወሰደብኝ።»

ደሙ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄደና ቆመ። ዝናሽ በዓይኗ ዙሪያዋን የከበባትን ሰው ሁሉ አየችና አፈረች።

«እማ፣ አትቆጪኝም?»

«አልቆጣሽም፣ የእኔ እናት። ምን ሆንሽ?»

«በጣቴ ቆፈርሁት። ሽታው አፍንጫዬን ሲበላኝ ጊዜ... ቆፈርሁት።» ጣቷን አሳየችን። ጥፍሯ ሥር ደም ነበር።

መጀመሪያ የሳቀችው እንጉዳይ ናት። «አያ ወርቁ፣» አለች ሆዷን ይዛ፣ «በገብርኤል ቀን የቆፈረችውስ ይቺ ናት! እናትየዋማ መች ቆፈረች!»

አያ ወርቁ ሊቆጡ ፊታቸውን ቋጠሩ፤ አልሆነላቸውም። ጢማቸው ውስጥ ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም፤ ልጄን አቅፌ ዝም ብዬ አለቀስሁ። ሰውነቴ ያጠራቀመውን ፍርሃት ሁሉ ያን ጊዜ ነው ያፈሰስሁት።

ስነሳ እግሬ ወደ ማሳው ሄደ። እንጉዳይ ከኋላዬ መጣች። «የት ደርሰሻል? እኔ በዚያኛው መስመር ልያዝ?» አለችኝ። ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች ተከተሉ። ቀሚሳችንን ሸብ አድርገን፣ ጎን ለጎን ሆነን፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ እያልን አፈሩን ለአገዳው እንገፋለታለን። አንዷ «ሠርግ ነው እንዴ?» ብትል ሌላዋ «ሙሽራው ቢጫ ነው እንጂ ሠርግስ ሠርግ ነው» አለቻት። ተረከዛችን ተላላጠ። ማንም አልቆመም።

አያ ወርቁ ብዙ ቆመው አዩን። ቆይተው መጡና ከመጨረሻው መስመር ገቡ። በዱላቸው ጫፍ አፈር እየገፉ ሄዱ።

«አያ፣ እርስዎም?» አለቻቸው እንጉዳይ።

«ዱላዬ እንጨት ነው» አሉ፤ ቀና ሳይሉ።

ሐጅ ኢድሪስ ከገበያ ሲመለስ ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። አህያውን አቁሞ ብዙ ጊዜ አየን። እብደት የያዘን ሳይመስለው አልቀረም።

«ያ ኡም ዝናሽ፣ ይሄ ምንድን ነው? መኮትኮቻ የት ሄደ?»

ኡም ዝናሽ፣ የዝናሽ እናት፣ የሚለው እኔን ነው፤ ሁሉም አዩኝ። «ሐጂ፣ ዛሬ በዓላችን ነው። ብረት መሬት አይነካም» አልሁት።

«ዒድ?»

«አዎ። ዒድ።»

ወረደና በጉልበቱ ተቀመጠ። ካለበስነው ውስጥ አንዱን አገዳ መርጦ ሥሩን በጣቱ ገለጥ አደረገ። ነጩን ፍሬ አየው፤ መልሶ ሸፈነው። ሌላ ቦታ ሄዶም እንደዚያው አደረገ። «ኮይስ» አለ። ደህና ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ቀና ብሎ የተናገረውን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

«ዒድ ከሆነ ለምን አልነገራችሁኝም? ውሃውን ከጎረቤት ጋር እለዋወጥ ነበር። ነገ ትበትኑት ነበር። እኔ በዒዴ ቀን እሠራለሁ እንዴ?»

እኛ እርስ በርስ ተያየን። ለካ አንዲት ቃል ይበቃ ነበር።

ቀሪውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስነው። በማግስቱ ጠዋት ውሃው በየቦዩ ገባ፤ አፈሩ ጠጣው፤ ሽታ የሚባል አልነበረም። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። እንደዚያ ያለ መጠበቅ አልወድም። በየማለዳው ተነስቼ ቅጠል አያለሁ። ዛሬ አረንጓዴ የመሰለኝ ነገ ቢጫ ይሆንብኛል። እንጉዳይ «በዓይንሽ ልታደርቂው ነው» ትለኝ ነበር። አንድ ጠዋት ግን አዲሱ ቅጠል ከመሃል ጠቆር ብሎ፣ ሰፋ ብሎ ወጣ። ማሳው በሙሉ አልዳነም። መጀመሪያ የበተንነውና መጨረሻ የደረስንበት ጥግ፣ ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ የበላችው፣ ቢጫ እንደሆነ ቀጭጮ ቀረ። ዳር ላይ ቆሞ ያየ ሰው መስመሩን እንደ ጥለት ይለየዋል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ማሳ ያላችሁ ሰዎች፣ ያን ጥግ አስቡልኝ። እኔ ዛሬም ዩሪያ በእጄ ስይዝ እሱ ነው የሚታየኝ። አንዴ ሁሉንም አልጥልም፤ ገሚሱን ቡቃያው ሥር ሲይዝ፣ ገሚሱን ጉልበት ሲደርስ እሰጠዋለሁ። አገዳው እግር ሥር ጣል አድርጌ ወዲያው አፈር አለብሰዋለሁ። በትኩስ ቀን፣ እርጥብ መሬት ላይ ሳይሸፈን አልተወውም። መግዣውን ያገኘ ሁሉ ማዳበሪያ ያገኘ ይመስለዋል፤ መሬት ውስጥ ካልቆየ ለነፋስ ነው የተገዛው።

የገብርኤልንም ቀን አልተውሁም፤ ዛሬም አከብራለሁ። ብዙ ሰው ታሪኩን ስነግረው «አየሽ፣ በዓል ማብዛት ነው ያስራበን» ይለኛል። አይደለም። እኛን ሊያጠፋን የነበረው መልአኩን መፍራታችን አልነበረም፤ ሐጁን መፍራታችን ነበር። ስደተኛ ነን፣ የሰው መሬት ላይ ነን፣ በዓል አለን ብንል ያባርረናል ብለን አፋችንን ዘጋን። ሰውየው ግን ዒድ ምን እንደሆነ ከእኛ እኩል ያውቃል። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሲያስጨንቀኝ፣ ሥራውን ለሰጠኝ ሰው ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። እየፈራሁም ቢሆን እነግረዋለሁ። ፍርሃቱማ አልለቀቀኝም፤ እናት ነኝ።

ማሽላው እሸት ሲይዝ ሐጅ ኢድሪስ የወንድሙን ልጅ ይዞ መጣ። ጎልማሳው ልጅ ማሳውን በቁሙ ዞረው። እኔ ዝናሽን እጇን ይዤ ከዳር ቆሜያለሁ። በአረብኛ ተነጋገሩ፤ ፈጥነው ስለነበር ጥቂት ጥቂት ብቻ ነው የያዝሁት። ዝናሽ ከሱዳን ልጆች ጋር እየዋለች ቋንቋውን ከእኔ ቀድማ ለምዳው ነበር።

«ምን ይላሉ?» አልኋት በሹክሹክታ።

«ቆይ፣ እማ።» አንገቷን አስግጋ ሰማች። «ልጁ ኮይስ ነው አለ። ሽማግሌው ደግሞ... ሎሪ የለም አለ። ሎሪ አይመጣም አለ።»

ሐጁ ወደ እኛ መጣ። አንድ እሸት ቀጥፎ ለዝናሽ ሰጣትና «ያ ኡም ዝናሽ፣ በሚቀጥለውም ክረምት እዚሁ ናችሁ። ኸላስ» አለኝ።

ልጄ እሸቱን ይዛ ወደ እንጉዳይ ሮጠች። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ወደ መጠለያው አልመለሰንም። የዚያን ዓመት በላን። ዝናሽ አልሞተችብኝም። ዳንን።